የቤተ መጻሕፍት ቦርድ አባላት የት ይሠልጥኑ? ማንስ ያግዛቸው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ወረዳና ስለ ማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር የሚጠይቁትን ለይተን አቅርበናል። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከመሀል አዲስ አበባ፣ ከአራዳ፣ ከቂርቆስና ከልደታ ነው። አንዱ ቤተ መጻሕፍት “ቦርድ” ይላል፣ ሌላው “አስተዳደር ኮሚቴ”፤ ሥራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መልሶቻችን ለሁለቱም ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ውስጥ ሰባት ነበርን። ፒያሳ ሲፈርስ የአራቱ መኖሪያ ራቀና ተሰናበቱን፤ በምትካቸው አራት አዳዲስ ሰዎች ተመርጠዋል። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ግን ቤተ መጻሕፍት አስተዳድረው አያውቁም። ሥልጠና የሚሰጠን ማን ነው? እንዴትስ እንጠይቅ?
የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ከሰባት አራት ሰው ሲለወጥ ኮሚቴው አዲስ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አራቱን ብቻ ሳይሆን ሰባታችሁንም አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሥልጠና ፈልጉ። ብዙ ቦታ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ ሰብሳቢው ብቻቸውን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሦስት ቀን ሠልጥነው ይመለሳሉ፤ ለሌሎቹ የሚያካፍሉበት አጀንዳ ሳይያዝ ወራት ያልፋሉ፤ በቀጣዩ ምርጫ እሳቸው ሲለወጡ ያገኙት እውቀትም አብሯቸው ይሄዳል።

የውጭ አሠልጣኝ ከመፈለጋችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ አዲስ አባል አንድ ክላሰር ይሰጠው። ውስጡ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የዓመቱ ዕቅድ፣ የጸደቀው በጀት ከመጨረሻው ሩብ ዓመት የወጪ ሪፖርት ጋር፣ ያለፉት ስድስት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ፣ የሠራተኞች የሥራ መዘርዝርና የቋሚ ንብረት ዝርዝር ይግባ። አዲስ አባል ለአንድ ምሽት ብቻ ጊዜ ካለው ቃለ ጉባኤውን ያንብብ፤ ምን ተወስኖ ምን ሳይፈጸም እንደቀረ የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አዲሶቹን አንድ ሰዓት ያዙሯቸው፦ ከመግቢያው ቦርሳ ማስቀመጫ ጀምሮ የውሰት ጠረጴዛውን፣ የሕፃናት ክፍሉን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ እስከ መጋዘኑ ድረስ። መጋዘኑ እንዳይዘለል። ያልተመዘገበው መጽሐፍና የተሰበረው ወንበር የሚገኘው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያው የኮሚቴ አጀንዳም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይወጣል።

አሠልጣኝን በተመለከተ በቅርባችሁ ሦስት በሮች አሉ።

አንደኛው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ሙያዊ እገዛ ማድረግ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ መምህራን አሉት፤ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከማስተማርና ከምርምር ሌላ የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጥያቄያችሁን በዚህ በኩል ብታቀርቡት ሰሚ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ሦስተኛው እናንተኑ በቅርብ የሚከታተለው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም መዋቅር ነው፤ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ከተማው ቢሮ ይዘልቃል። ቢሮው ራሱ ባያሠለጥን እንኳ ከሌሎች ወረዳዎች ጋር አጣምሮ ሊያስተባብርላችሁ ይችላል፤ ሦስት ወይም አራት ኮሚቴ በአንድ አዳራሽ ሲቀመጥ የአሠልጣኙ ወጪ ይከፋፈላል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። “ጉዳዩ፦ የሥልጠና ትብብር ስለመጠየቅ” ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይመጣል። “ለኮሚቴያችን የአቅም ግንባታ ሥልጠና እንዲሰጠን” የሚል ጥያቄ የሚያስገኘው ለማንም የሚሰጠውን አጠቃላይ ገለጻ ነው። በእሱ ፈንታ በቅርቡ ልትወስኑ ያላችሁትን ጉዳይ ጻፉ፦ “የሚቀጥለውን ዓመት የበጀት ጥያቄ እናዘጋጃለን፤ የመጽሐፍ መግዣና የጥገና ወጪን እንዴት እንደምንተምን፣ የአንባቢ ቁጥርን ለማስረጃ እንዴት እንደምንጠቀምበት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና እንፈልጋለን።” የሠልጣኞቹን ብዛት፣ ቦታውን፣ ሁለት አማራጭ ቀኖችን፣ የሚደወልለትን ሰው ስልክ አስገቡ። ማኅተም አይረሳ፤ ግልባጭ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሁን። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፉ። ያለዚያ ቁጥር በሁለተኛው ሳምንት ስትደውሉ ደብዳቤው የትኛው ክፍል እንደተመራ የሚነግራችሁ አይኖርም።

የጊዜው ነገር ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ የበጀት ዝግጅቱ ግን ከዓመቱ አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ስለ በጀት ግንቦት ላይ መሠልጠን ለዚያ ዓመት አይጠቅማችሁም። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ አድርጉት።

በጉብኝትም መማር ይቻላል። ታኅሣሥ 2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 4 ኪሎ ስለሆነ ከእናንተ በእግር የሚደረስ ነው። እንደ ጎብኚ ሕንፃውን አይቶ ለመመለስ አትሂዱ፤ በደብዳቤ አስፈቅዳችሁ ከአንድ ክፍል ኃላፊ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጡ። በየቀኑ ምን ይመዘግባሉ? የሕፃናት ክፍሉን ሕግ ማን አወጣው? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ስፋቱን መኮረጅ አትችሉም፤ የመመዝገቢያ ቅጹን ግን ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ነፃ ሥልጠና አለ ይባላል። እውነት ለእኛ የሚሆን ነው? ከአባሎቻችን እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነቡት ሁለት ብቻ ናቸው።
የቦርድ ጸሐፊ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ አለ፤ ግን ተመርጦ ነው። በብዛት የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ላሉ የቤተ መጻሕፍት ቦርዶች የተዘጋጀ ነው። እዚያ ጉዳዩን አጥብቀው ይዘውታል፤ ለምሳሌ በኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ እያንዳንዱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ አባል በየዓመቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ሕግ ያስገድዳል። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር ያለው ዩናይትድ ፎር ላይብረሪስ ለቦርድ አባላት አጫጭር የቪዲዮ ትምህርቶች አዘጋጅቷል። ዌብጀንክሽን የሚባለው፣ ኦሲኤልሲ የተሰኘው የቤተ መጻሕፍት ትብብር ድርጅት መድረክ ደግሞ ስሙን ለሚያስመዘግብ ሁሉ በነፃ ያስተምራል።

ከእነዚህ ውስጥ ስለ ስብሰባ አመራር፣ ስለ ዕቅድ፣ በጀት ስለ ማንበብ፣ ስለ ጥቅም ግጭት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ለባለሥልጣን ስለ ማስረዳት የሚናገሩትን ውሰዱ። ስለ ግብር ድምፅ አሰጣጥ፣ ስለ ዳይሬክተር ቅጥር፣ ስለ ግዛት ሕግ የሚናገሩትን ዝለሉ። እዚያ ያለ ቦርድ ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁን ራሱ ይቀጥራል፤ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ቅጥሩም ዝውውሩም በሌላ ሕግ ነው የሚሄደው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ኮሚቴ ከቪዲዮ ያየውን ሥልጣን ይዞ ከወረዳው ጋር ይጋጫል።

ወደ እኛ ሁኔታ የሚቀርበው የአፍሪካ ቤተ መጻሕፍትና መረጃ ማኅበራትና ተቋማት ኅብረት፣ በምሕጻሩ አፍሊያ፣ ነው። ጽሕፈት ቤቱ አክራ ጋና ነው፤ የሚያነሳውም እኛ የምናውቀውን ችግር፣ አነስተኛ በጀትንና የአገር ቋንቋ መጽሐፍ እጥረትን ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የኢፍላን (የዓለም አቀፉን የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አንብቡ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1949 ወጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው በ2022 ነው። የጥቂት ገጽ ሰነድ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በመርሕ ደረጃ በነፃ መሰጠት እንዳለበት፣ ቤተ መጻሕፍቱም የአካባቢና የአገር አስተዳደር ኃላፊነት እንደሆነ ይናገራል። በጀት ስትጠይቁ በደብዳቤያችሁ ልትጠቅሱት ትችላላችሁ።

የቋንቋውን ነገር እንዲህ አድርጉት። እንግሊዝኛ ከሚያነቡት ሁለት አባላት አንዱ ትምህርቱን ቀድሞ አይቶ የሚጠቅመውን 20 ደቂቃ ይምረጥ። ቪዲዮው የሚወርድ ከሆነ ቀድማችሁ በፍላሽ ያዙት፤ ኔትወርክ ወይም መብራት ሲቋረጥ የተሰበሰበው ሰው ይበተናልና። ስብሰባው ላይ አባሉ እያስቆመ በአማርኛ ያስረዳ፤ ከዚያ 40 ደቂቃ “ይህ በእኛ ቤት እንዴት ይሆናል?” በሚለው ላይ ተወያዩ። ጸሐፊው የተስማማችሁበትን በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ ያልሰፈረው በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ ይነሣል። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይም እያንዳንዱ አባል በዓመት ቢያንስ 2 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ የሚል አንቀጽ ብታስገቡ እንመክራለን። የሚያስገድዳችሁ ሕግ ባይኖርም፣ አንቀጹ ካለ ለሥልጠና በጀት ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናችኋል።

ጥያቄ፦ በኮሚቴው ተመርጬ የመጣሁ ሳይሆን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነኝ። አንድ የኮሚቴ አባል በየሳምንቱ ይመጡና መደርደሪያ አስለውጠውኝ ይሄዳሉ፤ በቀደም አንድ ልብ ወለድ “ለወጣት አይሆንም” ብለው እንዳነሳ አዘዙኝ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ እምቢ ማለት ከብዶኛል።
ከ4 ኪሎ

መልስ፦ አክብሮትዎን ሳይቀንሱ ማስቆም ይችላሉ። መነሻው ይህ ነው፦ የኮሚቴ ሥልጣን የሚሠራው ምልአተ ጉባኤ ተሟልቶ ሲወሰን ነው፤ አንድ አባል ከስብሰባ ውጭ እንደማንኛውም አንባቢ ነው። ኮሚቴው ዕቅድ፣ ደንብ፣ የበጀት ጥያቄና የአገልግሎት ሰዓት ይወስናል፤ አፈጻጸሙንም ይከታተላል። መጽሐፍ መምረጥ፣ መመደብና መደርደር የባለሙያው ሥራ ነው።

አባባን “እሺ፣ በጽሑፍ ይስጡኝና ለኮሚቴው ላቅርበው” ይበሏቸው። ለዚህም የአንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጁ፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ አመልካቹ ሙሉውን አንብበውት እንደሆነ፣ ቅር ያሰኛቸው ገጽ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ። መጽሐፉ ውሳኔ እስኪሰጥ ከመደርደሪያው አይነሣም። ሦስት ሰዎች፣ ቢቻል አንዱ ባለሙያ ሆኖ፣ አንብበው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጡ። ይህ ሥርዓት እንዲጸድቅ ቀጣዩ ስብሰባ ላይ አጀንዳ ያስይዙ፤ የሰውየው ስም አይነሣ፤ ሥርዓቱ ብቻ ይነሣ። ቅጹ ከመጣ በኋላ ብዙው ቅሬታ በመነጋገር ያልቃል፤ ቀሪውም በኮሚቴው ስም ስለሚወሰን እርስዎ ላይ አይወድቅም።

ለኮሚቴው ሥልጠና ሲዘጋጅ ደግሞ እርስዎም ይገኙ። ሠራተኛውን ውጭ አድርጎ ስለ ሥራ ክፍፍል የሚሰጥ ሥልጠና የአንድ ወገን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለሥልጠናው አበል ይከፈላል? ካልተከፈለስ ሰው ይመጣል?
ከቂርቆስ

መልስ፦ በከተማው ውስጥ ለሚደረግ የሁለት ሰዓት ሥልጠና የትራንስፖርትና የሻይ ቡና ወጪ መሸፈኑ ይበቃል፤ ውሎ አበል የሚያስፈልገው ከከተማ ሲወጣ ነው። የመንግሥት በጀት ከሆነ ክፍያው በወረዳው የፋይናንስ መመሪያ መሠረት ይሁን። ቤተ መጻሕፍታችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የተመዘገበ ከሆነ አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደማይችል አስታውሱ፤ የቦርድ ሥልጠና በየትኛው ርዕስ እንደሚያዝ ከመክፈላችሁ በፊት ኦዲተራችሁን ጠይቁ። ሰው የሚቀረው ብዙ ጊዜ በገንዘብ አይደለም። ቅዳሜ ለቅሶና ዕድር አለ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሞክሩ፤ ሦስት ቀን የሚፈጀውንም ሁለት ሁለት ሰዓት አድርጋችሁ በየሳምንቱ በታትኑት።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያሉ የሰፈራችን ልጆች አሥር ካርቶን መጽሐፍ ልከውልናል። ተረካቢ ሆኜ ፈርሜአለሁ። ከፍተን ስናየው ግማሹ አይረባም፤ አሁን ለማስወገድ ስንል ንብረት ክፍል “በሞዴል 19 ገብቷል፣ አይነካም” አለን። ምን ይሻላል? ለወደፊቱስ ኮሚቴው በምን ይሠልጥን?
ገንዘብ ያዥ፣ ከልደታ

መልስ፦ ንብረት ክፍሉ ትክክል ነው። ሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት ሆኗል፤ የሚወጣውም በንብረት አወጋገድ ሥርዓት፣ ዝርዝር ተዘጋጅቶ፣ ኮሚቴ አይቶት፣ የበላይ ኃላፊ ሲያጸድቀው ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን የማይረቡትን ለይታችሁ በርዕስ፣ በብዛትና በምክንያት ዘርዝሩ። “አርጅቷል” ብቻ አትበሉ፤ “የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ”፣ “ገጹ የተቀደደ”፣ “ሻጋታ የያዘ” ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ሻጋታ የያዘውን ዛሬውኑ ከሌላው አርቁት፤ ወደ ጤነኛው መጽሐፍ ይዛመታል።

ለወደፊቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ካርቶኑ ሲደርስ ካርቶን ቆጥራችሁ በጊዜያዊ መረከቢያ ቅጽ ለጋሹም እናንተም ፈርሙ፤ ቅጹ ላይ “ከምርጫ በኋላ ተቀባይነት ያላቸው ብቻ ይመዘገባሉ፤ ቀሪው በኮሚቴው ውሳኔ ለሌላ ይተላለፋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑር። ከዚያ ባለሙያው ይምረጥ። የተመረጠው ብቻ በሞዴል 19 ይግባ፤ አክሴሽን ቁጥር (መጽሐፉ ሲመዘገብ የሚያገኘው መለያ ቁጥር) ይሰጠው፤ ማኅተሙ በርዕስ ገጹ፣ በመጨረሻው ገጽና ቤቱ ለራሱ በመረጠው ምስጢራዊ ገጽ ላይ ይረፍ። ምስጢራዊው ገጽ በሁሉም መጽሐፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሁን፤ የርዕስ ገጹ ተገንጥሎ የተሰረቀ መጽሐፍ የሚለየው በእሱ ነው።

ለኮሚቴው ሥልጠና የምንመክረው ርዕስ “የስጦታ ተቀባይነት ደንብ” ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የቦታ ስሌቱ ይሠራ። አንድ ሜትር መደርደሪያ በአማካይ 30 ያህል መጽሐፍ ይይዛል። በአንድ ካርቶን 40 መጽሐፍ ቢኖር አሥር ካርቶን 400 ነው፤ ከ13 ሜትር በላይ መደርደሪያ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ስፋትና ስድስት እርከን ያለው መደርደሪያ ስድስት ሜትር ነውና ከሁለት በላይ አዲስ መደርደሪያ ሳይኖራችሁ አሥር ካርቶን መቀበል መጋዘን መሙላት ይሆናል። ይህን ለለጋሾቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሰፈር ልጆች ስለሆኑ ይረዳሉ። የምትፈልጉትን ርዕስ ዝርዝር ላኩላቸው፤ ወይም የመርከብና የአውሮፕላን ጭነት የሚከፍሉበትን ገንዘብ እዚሁ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ የሕፃናት መጽሐፍ እንዲገዙበት ጠይቋቸው። በመሀል ከተማ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሞልቶ በልጁ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል፤ ኮሚቴው ይህን ለማስተካከል የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

የካታሎግ ሶፍትዌር ነገር በደብዳቤዎ መጨረሻ አንስተዋል። ኮሃ የተባለው ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረውም ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ነው። የፈቃድ ክፍያ ባይኖረውም የሚጭነውና የሚከታተለው ሰው፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዝበት ዲስክ፣ መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ዩፒኤስ ያስፈልጉታል። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት እነዚህ ሦስቱ በበጀት ይያዙ። ካልተያዙ የአክሴሽን መዝገባችሁን በኤክሴል በጥንቃቄ መገልበጥ ይሻላል፤ አንድ መጽሐፍ በአንድ መስመር፣ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመትና አክሴሽን ቁጥር በየዓምዱ ተለይተው። ያ ፋይል ኮሃ ሲመጣ ተቀይሮ ይገባል። የኢትዮጵያ ደራሲ ስም ሲመዘገብ የራሱ ስም ይቅደም፤ የውጭውን ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም የሚያስቀድም ካታሎግ አንባቢውን መጽሐፉን ያሳጣዋል። ይህን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አንድ ዓይነት አድርጉት።